ከመድረኩ ሥር ያለው ጉድጓድ

አጎቴ የሰፈራችን ቲያትር ቤት ይታደሳል ከተባለ ወዲህ አርፎ መቀመጥ አቃተው። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ በሩን ከፍቶ ያያል። «ምን ነካህ፣ ቁጭ በል እንጂ!» እለዋለሁ፤ ማን ሰምቶኝ!

ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። የሰፈሩ ሰው ራሱ ጠርጎ፣ መድረክ ሠርቶ ቲያትር ቤት አደረገው። አጎቴ ወጣትነቱንም ጉልምስናውንም የጨረሰው እዚያ መድረክ ሥር በተቆፈረች ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ አድርጎ፣ ተዋንያኑ ቃል ሲጠፋባቸው በሹክሹክታ ያቀብላቸዋል። ዋናዋ ተዋናይ ደግሞ የገዛ ሚስቱ ናት። ጣሪያው ተደርምሶ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ አንድም ቀን ጥሏት ቀርቶ አያውቅም። «እኔ ከሌለሁማ አለቀላት» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ።

እድሳቱ ሲገባደድ ሊያይ ሄደ፤ ተከተልኩት። ግድግዳው ተለስኗል፣ ጣሪያው አዲስ ነው፣ ወንበሩ አዲስ ጨርቅ ለብሷል። መድረኩ ላይ ወጣና ጣውላውን በእግሩ እየመታ ፈለገ፣ ፈለገ።

«ጉድጓዴስ?»

«የቱ? ያ የበሰበሰው ቀዳዳ?» አለ አናጢው። «ሰው እንዳይገባበት ብለን ደፈንነው እኮ!»

«ሰውየውማ እኔ ነበርኩ!» ብሎ ጮኸበት። አናጢው ያበደ ሽማግሌ መሰለው።

ለመክፈቻው የድሮው ቲያትር በድሮዋ ተዋናይ ሊታይ ነው። ጉድጓዱን እንደገና ለመክፈት ጊዜ የለም ተባለ። አጎቴ እህል አልቀምስ አለ። ሚስቱ ግን፣ እቴ! ልብሷን እየለካች ታንጎራጉራለች። ተናደድኩባት፤ ሰውየው እንዲህ እየተቃጠለላት!

በቀኑ ከፊት ወንበር አጠገቤ ተቀመጠ። ከንፈሩ ይነቃነቃል፣ እጄን ጨምቆ ሊሰብረው ነው። ድሮ ሁልጊዜ የምትደናቀፍበት ቦታ ስትደርስ ብድግ አለ፤ ጎትቼ አስቀመጥኩት። እሷ እንደ ውሃ አወረደችው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እሱ ብቻ አላጨበጨበም።

ከመጋረጃው ጀርባ ስንደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። «አንድም ቃል አልጠፋብሽም» አላት።

«ዛሬማ ከሥሬ የሚያንሾካሹክ የለ!» ብላ ሳቀች። «እኔ እኮ ድሮም የምሳሳተው አንተን ስሰማ ነው!»

ወዲያው አፏን ያዘች።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

እንባዋ የተቀባችውን እያጠበ ወረደ። «ብነግርህማ እቤት ልትቀር አይደል እንዴ?»