ከግንባሬ ያስፋቅኩት መስቀል

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጅማ፣ ሕርማታ ገበያ ባለችው የቅመም ሱቄ ተቀምጬ ኮረሪማ ስመዝን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ የሆነችው ሰላም ገባች። ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ደንበኞቹ እስኪወጡ ጥግ ይዛ ቆየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እትዬ አስቴር፣ ንቅሳት የሚያጠፋ ነገር ያውቃሉ? ቅጠልም ይሁን ዱቄት፣ የፈለገው ይሁን" አለችኝ። የሹራቧን እጅጌ ሰብሰብ አድርጋ የእጅ አንጓዋን አሳየችኝ። ቆዳው በርበሬ መስሏል።

"ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የቀላው?"

"በሎሚና በጨው እያሸሁት ነው። የመዘምራን አስተባባሪው ይህ ሳይጠፋ መድረክ ላይ እንዳትቆሚ ብሎኛል።"

ኮረሪማው ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተበተነ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ስትለቅምልኝ እኔ እጄን ግንባሬ ላይ አሳረፍኩ። ሰው ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ ሲያይ የልጅነት ቃጠሎ ይመስለዋል። እኔም እሳት ነው እያልኩ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሬያለሁ። እሳት አልነበረም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ ከእናቴ ጋር ብቻችንን አወቱ መንደራ በሚባል ሰፈር፣ አደ ዘሃራ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አደ ዘሃራ፣ በአማርኛ ወይዘሮ እንደማለት፣ የጅማ ተወላጅ፣ ደርበብ ያሉ ሙስሊም ሴት ናቸው። ከጓሯቸው የለቀሙትን ቡና ደጃፋችን ላይ ያሰጡታል፤ እኛም ስንወጣ ስንገባ ቡናውን እንዳንረግጥ በጥግ በጥግ እንሄዳለን። እናቴ ከጎጃም የመጣች ናት። ይችን ሱቅ ያቆመችውም እሷ ነች። አንገቷ ዙሪያውን ተነቅሶ ነበር፤ ግንባሯ ላይም መስቀል ነበራት። እኔም ግንባሬ መሃል ላይ ጥፍር የምታክል አረንጓዴ መስቀል ነበረችኝ። መቼ እንደተነቀስኩ አላስታውስም። እንደ አፍንጫዬ አብራኝ የተፈጠረች ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት አብራኝ የምትቀመጥ ማርታ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። እሷ ናት ወደ ወንጌላውያኑ የጸሎት ቤት የወሰደችኝ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት፣ ግድግዳዋ በጭቃ የተመረገ አዳራሽ ነበረች። ዝናብ ሲመጣ መዝሙሩና ቆርቆሮው ይደባለቁና ማን ማንን እንደሚያሸንፍ አይታወቅም። ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ አልወደደችውም፤ ግን አልከለከለችኝም። እሁድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ደብሯ ስትሄድ እኔ መጽሐፌን ይዤ በሌላ አቅጣጫ እሄዳለሁ፤ ምሳ ላይ እንገናኛለን።

መስከረም ውስጥ አንድ እሁድ እንግዳ ሰባኪ መጣ። ረጅም፣ ድምፁ የሚያስተጋባ ሰው ነበር። ገላን መንቀስ በሙሴ ሕግ የተከለከለ መሆኑን አነበበልን። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ መጽሐፉን ዘጋና ከራሱ ጨመረበት። በሥጋው ላይ ምልክት ያለበት ሰው ማኅተም የተመታበት ዕቃ ነው አለ። የምልክቱ ባለቤት ርኩስ መንፈስ ነው፤ ቀኑን ጠብቆ ዕቃውን ሊወስድ ይመጣል። "በልጅነታችሁ ማን እንደሰጣችሁ ታውቃላችሁ?" ብሎ ጮኸ። ይህን ሲል ዓይኑ ግንባሬ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ምናልባት አላየኝም ይሆናል። ዛሬ ሳስበው በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም። ያን ቀን ግን አዳራሹ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ የቀረን ያህል ነው የተሰማኝ።

ከዚያ ወዲያ ፍርሃት አብሮኝ ዋለ። ፊቴን ስታጠብ ግንባሬን ላለመንካት እጠነቀቃለሁ። የአወቱን ወንዝ ድልድይ ስሻገር ከኋላዬ የሚራመድ ሁሉ እኔን የሚከተል ይመስለኛል። የእሸት በቆሎ ወቅት ነበርና መንገዱ ሁሉ ጥብስ ጥብስ ይሸታል፤ እኔ ግን የጎረስኩት አይወርድልኝም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እናቴን መፍራቴ ነው። ሰባኪው ያለው እውነት ከሆነ የሰጠችኝ እሷ ናት። ሽንኩርት ስትከትፍ እጆቿን አያለሁ። ለምን እንደማልበላ ስትጠይቀኝ እደነግጣለሁ። የገዛ እናቴ ትከሻዬን ስትነካኝ ፀጉሬ ይቆም ነበር።

ለማርታ ነገርኳት። እሷም ፈርታልኝ ኖሮ ሦስት ቀን ጠያይቃ መጣች። ከጅማ ወጣ ብሎ ባለው ሰርቦ ከተማ ውስጥ ንቅሳት የምታጠፋ ሴት አለች፤ ብዙ ልጆች ሄደው ጠፍቶላቸዋል አለችኝ። ለእናቴ ከማርታ ጋር ላጠና ነው ብዬ በሰርቦ ገበያ ቀን በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ጥቅምት ገብቶ ቡናው መቅላት ጀምሯል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሴቶች ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው ይለቅማሉ፤ አንዳንዶቹ ለመኪናው እጃቸውን ያውለበልባሉ። እኔ መስኮቱ ላይ የሚታየኝን ግንባሬን እያየሁ፣ ስመለስ ንጹሕ እሆናለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ሴትዮዋ ከገበያው ጀርባ፣ በቁልቋል በታጠረ ግቢ ውስጥ ነበረች። ብዙ አልጠየቀችንም። በርጩማ ላይ አስቀምጣኝ ግንባሬን በሻካራ ድንጋይ ትፈትገው ጀመር። ስንቀጠቀጥ አይታ፣ "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ" አለችኝ ኦሮምኛውን ከአማርኛው ጋር እየደባለቀች። ደም ሲመጣ ከአጥሩ አንድ የቁልቋል ጫፍ ሰበረችና ነጩን ወተት በጥጥ ተቀብላ ግንባሬ ላይ ለጠፈችው።

"ዓይንሽን እንዳይነካ። እስኪመሽ ውሃ እንዳያገኘው።"

መጀመሪያ እንደ ሚጥሚጣ ነው ያቃጠለኝ። ቆይቶ ግን ፍም ያስቀመጡብኝ መሰለኝ። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ማቃጠሉ መንፈሱ እየለቀቀኝ ነው ማለት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ስንመለስ ሚኒባስ አጣን። እሸት ቡና የጫነ አይሱዙ ለምነን ጆንያው ላይ ወጣን። መንገዱን ጋመስ እንዳደረግን ከፊታችን ያለው ኮረብታ ጠፋ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲመጣ ይታያል እንጂ አይመለጥም። ማርታ ነጠላዋን አውልቃ ራሴ ላይ ጣለችልኝ። በአንድ አፍታ ነጠላው ራሰ፤ ውሃው በጥጡ ውስጥ አልፎ ወደ ዓይኖቼ ወረደ።

ያን ሕመም ልገልጸው አልችልም። በሁለት እጄ ዓይኖቼን ጨፍኜ ጮህኩ። ልገልጣቸው ስሞክር ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው ያየሁት፤ ቀጥሎ ጭጋጉም ጠፋ።

"ማርታ፣ አይታየኝም!"

"ዝም በይ፣ ደርሰናል፣ ደርሰናል" ትለኛለች እያለቀሰች። አልደረስንም ነበር። የበሰበሰው የቡና እሸት ጣፋጭና መጣጣ ሽታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ያ ሰባኪ የተናገረለት ባለቤት ዕቃውን ሊወስድ የመጣ መሰለኝ። ቆዳዬን አስፍቄ ልሰወረው ስል እሱ ዓይኔን ይዞ ሊሄድ ነው ብዬ ጆንያው ላይ ተደፋሁ።

ማርታ እጄን ይዛ እስከ ግቢያችን በር አደረሰችኝና ሮጣ ሄደች። ልጅ ነበረች፤ ፈርታ ነው። አደ ዘሃራ ቡናቸውን በሸራ እየሸፈኑ ነበር መሰለኝ፣ የሸራው ድምፅ ተቋረጠ።

"ያ ረቢ! ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?"

"ቁልቋል" አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ምንም አልጠየቁኝም። ጸጉሬን ይዘው ቧንቧው ሥር አጎነበሱኝና ዓይኖቼን በጣታቸው ፈልቅቀው ውሃውን ለቀቁብኝ። ልላቀቅ ብታገል ጉልበታቸውን ወገቤ ላይ አድርገው ያዙኝ። "ቻዪው ልጄ፣ ቻዪው" ይሉኛል፤ መሃል ላይ ቢስሚላህ ይላሉ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳቆዩኝ አላውቅም፤ ጥርሴ በብርድ እስኪንቀጫቀጭ ነው። ከዚያ በጋሪ ጭነው ሆስፒታል ወሰዱኝ። ቡናቸው ተሸፍኖ ሳያልቅ ዝናብ እንደመታው በኋላ ነው የሰማሁት።

ሐኪሙ፣ "ያተረፈሽ ወዲያው መታጠብሽ ነው፤ ቀኙ ግን በጣም ተጎድቷል፣ እናያለን" አለና ሁለቱንም ዓይኖቼን አሸገ።

እናቴ መምጣቷን ያወቅሁት በነጠላዋ ላይ ባለው የበርበሬ ሽታ ነው። እጄን ይዛ ተቀመጠች። ሁለት ቀን ሙሉ እያጎረሰችኝ፣ እያጠበችኝ፣ አንድ ቃል አልወጣትም። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን፣

"አስቴር" አለችኝ።

"አቤት እማዬ።"

"ምን ብለውሽ ነው?"

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። "ለርኩስ መንፈስ ሰጥታሻለች ብለውኝ ነው" አልኳት።

እጄን ለቀቀችው። ጥላኝ ልትሄድ ነው ብዬ አልጋዬ ላይ ተነሥቼ በእጄ ፈለግኋት። አልሄደችም።

"ከአንቺ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬያለሁ" አለች ቀስ ብላ። እስከዚያች ቀን ይህን አላውቅም ነበር። "አንቺ ስትወለጂ እንቅልፍ አጣሁ። በተኛሽ ቁጥር ትንፋሽሽን በእጄ እዳስሳለሁ። እግርሽ ሲጠና ነቃሽ ቤት ወሰድኩሽ። ስታለቅሺ አብሬሽ አለቀስኩ። ለማንም አልሰጠሁሽም ልጄ። ከሞት ነው የደበቅኩሽ። መስቀሉን አይቶ ይለፋት ብዬ ነው።"

"ቄሱስ ምን አሉሽ?"

"የንስሐ አባቴ፣ ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችም፣ የእናት ነገር ነው አሉኝ። አልተቆጡኝም።"

በፋሻው ሥር ማልቀስ ክልክል ነበር። አለቀስኩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ጋሽ ደሳለኝ ሊጠይቁኝ መጡ። ሙቀት በበዛበት ቀን እንኳ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ የሚለብሱ፣ ሲናገሩ ጉሮሯቸውን የሚያጸዱ ሰው ናቸው። እናቴ ከመቀመጫዋ ስትነሳ ሰማሁ።

"ዓይኗን አጥፍታችሁ ደግሞ ምን ቀርቷችሁ ነው የመጡት?"

"ምንም ቢሉኝ ልክ ነዎት" አሉ ጋሽ ደሳለኝ። "ያንን ሰው የጋበዝኩት እኔ ነኝ። ከመጽሐፉ ወጥቶ የራሱን ሲጨምር ሰምቻለሁ። ተነሥቼ ማረም ነበረብኝ። ፈራሁ።"

"ምን ያስፈራዎታል እርስዎን?"

የሸሚዝ ቁልፍ ሲፈታ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ጨርቅ ሲሰበሰብ።

"እማዬ፣ ምንድን ነው?"

"መስቀል ነው" አለች እናቴ። ድምፅዋ ተለውጧል። "ክንዳቸው ላይ። ከእኔ የሚበልጥ።"

"እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ" አሉ ጋሽ ደሳለኝ። "ጌታን ካገኘሁ ጀምሮ ሰው እንዳያይብኝ ሸፍኜ ኖርኩ። አስቴር፣ ስሚኝ። ዛሬ አንድ ልጅ ልነቀስ ብሎ ቢጠይቀኝ ተው እለዋለሁ፤ አሁንም ደግ ነገር ነው አልልም። ያለበትን ሰው ግን ክርስቶስ በቆዳው አልመዘነውም። ይህን ከመድረክ ብናገር ኖሮ አንቺ ሰርቦ አትሄጂም ነበር።"

የወንበር መሳብ ሰማሁ። እናቴ፣ "ይቀመጡ፣ ቆመው ቀሩ እኮ" አለቻቸው።

ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የእናቴን አንገት ነው። የግራ ዓይኔ ጠራ። ቀኙ እስከ ዛሬ ጭጋግ አለው፤ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ ልጄ ናት። ግንባሬ ላይ በመስቀሏ ፈንታ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ቀረ። ማርታ ወዳጄ ሆና ኖራለች፤ ስለዚያ ቀን ግን አንስተን አናውቅም። ጋሽ ደሳለኝ በሚቀጥለው እሁድ እጅጌያቸውን ጠቅልለው መድረክ ላይ ወጡ አሉ። አንዳንድ ሰው አጉረምርሞ ነበር፤ እኔ አልነበርኩም። እናቴና እኔም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እሁድ እሁድ ከአንድ በር ወጥተን በሁለት አቅጣጫ እንሄድ ነበር፤ እሷ እስክታርፍ ድረስ።

ጠባሳዬን እሳት ነው ማለት የጀመርኩት እናቴን ለመጠበቅ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ራሴን ነው የጠበቅኩት። ጋሽ ደሳለኝ ዝም ያሉት በፍርሃት እንደነበር እየሰማሁ፣ እኔም በፍርሃት ዝም አልኩ። ስንት ልጅ በዚህ መሃል ቁልቋልና አሲድ ፍለጋ እንደሄደ ማን ያውቃል።

ማክሰኞ ዕለት የሱቄን በር ገርበብ አድርጌ ሰላምን በርበሬው ጆንያ ላይ አስቀመጥኳትና ይህን ሁሉ ነገርኳት። ከሰርቦ ጀምሬ እስከ ጋሽ ደሳለኝ ክንድ። ስጨርስ አፏን በእጇ ይዛ ግንባሬን ታያለች።

"ሎሚውን ተዪ። ቅዳሜ የመዘምራኑ ስብሰባ ላይ አብሬሽ እገባለሁ" አልኳት። ይህን ስላት ፈራሁ፤ አሁንም ስጽፈው እፈራለሁ። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር በዕድሜ አይለቅም።

ከዚያ እጇን ተቀብዬ ወደ ደህናው ዓይኔ አስጠጋሁት። ከቀላው ቆዳ ሥር ሦስት ፊደሎች አሉ፤ "ዮናስ" ይላል።

"ማን ነው?"

"ወንድሜ። አምና ነው የሞተብን።" አለች። "ከሙታን ጋር ቃል ኪዳን ነው አሉኝ።"

"እሱን ተዪው። ዮናስ እንዴት ያለ ልጅ ነበር?"

ሰላም ቀና ብላ አየችኝ። ይህን የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም። እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገችና መናገር ጀመረች።