የሶናር አድማጩ ሚዜ

ፎልከ ሪድማርክ የካርልስክሮና ልጅ ነው። በዚያች የባሕር ኃይል ከተማ ያደገ ሰው ወይ መርከብ ላይ ይወጣል፣ ወይ መርከብ ሲሠራ ይኖራል። ፎልከም ጺሙ በቅጡ ሳይበቅል ባሕረኛ ሆነ፤ ሠላሳን ሲሻገር ደግሞ ቪስቢ ከሚባሉት ኮርቬት የጦር መርከቦች በአንዷ ላይ የውኃ ሥር ድምፅ የሚለይ ሶናር አድማጭ ሆኖ ተመደበ።

እነዚህ መርከቦች ትንንሽ ናቸው። አካላቸው ከብረት ሳይሆን ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ ጎናቸው ሁሉ በሰያፍ የተቆረጠ፣ ራዳር በቀላሉ እንዳያያቸው ተብሎ የተበጁ ናቸው። ሥራቸው የባልቲክን ዳርቻ እየዞሩ መጠበቅ፣ በተለይም ሳይጋበዝ በውኃው ሥር ሹልክ ብሎ የሚገባውን እንግዳ ሰርጓጅ መርከብ ማነፍነፍ ነው። ፎልከ ማዳመጫውን ደፍቶ በዚያች ጨለም ባለች ክፍል ሲቀመጥ ደስታውን አይችለውም ነበር። «ባሕር ከላይ ዝም ያለ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ገበያ ነው» ይላል። የጭነት መርከቡ ሲያጉረመርም፣ የባሕር እንስሳው አቆስጣ ሲያፏጭ፣ በረዶው ሲንቋቋ፣ ሁሉንም በድምፁ ይለየዋል።

አለቃው አልሪክ ብሬመር አብሮ አደጉ ነው። በአንድ ጀልባ ዓሣ አጥምደዋል፣ በአንድ ቀን ለባሕር ኃይል ተመዝግበዋል። አልሪክ ትምህርቱን ገፍቶ መኮንን ቢሆንም በመካከላቸው «አለቃ» እና «ታዛዥ» የሚባል ነገር አልነበረም። ፎልከ ቲራን ሲያገባ ሚዜው እሱ ነበር።

በአንድ የጥቅምት ጠዋት፣ ጭጋጉ ከባሕሩ ላይ ሳይነሣ፣ ፎልከ እጁን አውለበለበ።

«አልሪክ፣ ና እስቲ! ይሄን ስማ።»

አልሪክ ሁለተኛውን ማዳመጫ ደፋ። ከሩቅ፣ ዘገም ያለ፣ የማይዛነፍ ምት ይሰማል። የአልሪክ ፊት ወዲያው አመድ መሰለ።

«ፕሮፔለር ነው» አለ በሹክሹክታ። «አንተ፣ ይሄ የኛ ሰርጓጅ አይደለም እኮ!»

«ላሳውቅ?»

«አሳውቅ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

ፎልከ የመገናኛውን ቁልፍ ተጭኖ በራሱ ስም ለአዛዡ አሳወቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ሌሎች መርከቦች መጡ፣ ሄሊኮፕተሮች በደሴቶቹ ላይ ዞሩ፣ ጋዜጠኛ ወደቡን አጥለቀለቀው። ፍለጋው ሰነበተ፤ የተገኘ ነገር ግን የለም። በቴፕ የቀረው ድምፅም በማዕበሉ ጫጫታ ስለተዋጠ አንዱ ባለሙያ «ነው» ሲል ሌላው «አይደለም» አለ። በመጨረሻ የብዙዎቹ ግምት ወደ ሄሪንግ አዘነበለ። ይህ ዓሣ በመንጋ ሲሄድ ከኋላው አየር ይለቃል፤ አረፋው ደግሞ ድምፅ አለው።

ነገሩን እንዲያጣሩ የተሰየሙት ሰዎች ሁለቱን ጓደኛሞች ጎን ለጎን አስቀምጠው ጠየቁ። አልሪክ ቀድሞ ተናገረ።

«እኔ ጥርት ያለ ነገር አልሰማሁም። ትንሽ እንጠብቅ ብዬው ነበር፤ ፎልከ ግን ቸኮለ።»

ፎልከ ዕድሜውን ሙሉ የተማመነበትን ጆሮውን ማመን አቃተው። ዞር ብሎ አየው፤ አልሪክ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሏል። ተራው ሲደርስ ፎልከ እውነቱን ተናገረ። ግን የመኮንን ቃልና የአድማጭ ቃል ሚዛን ላይ ሲወጣ የቱ እንደሚደፋ የታወቀ ነው።

ሲወጡ ፎልከ ኮሪደሩ ላይ የአልሪክን ክንድ ያዘ። «ምን ማለትህ ነው፣ አልሪክ?»

«መርከብ ሊሰጡኝ ነው፤ ታውቃለህ። አሁን ስሜ ከተነሣ አለቀልኝ። አንተ ምን ይቀርብሃል? ነገ ይረሳል።»

አልተረሳም። መርከቧ ላይ ሲገባ «ፎልከ፣ ዛሬስ ማን ፈሳ?» ይሉታል። ወንበሩ ላይ የሄሪንግ ቆርቆሮ ያስቀምጡለታል። ገበያ ሲወጣ ዓሣ ሻጯ ሳትቀር «ዝም ያሉትን መርጬልሃለሁ» ብላ ትስቃለች። ከማዳመጫው አንሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ሲያዛውሩት ሆዱ ቆረጠ፤ ለቆ ወጣና ወደ አስፖ ደሴት ሰውና መኪና በሚያሻግረው ጀልባ ላይ መኪና አስገቢ ሆነ። አልሪክ መርከቧን ተረከበ።

ዓመታት አለፉ። አልሪክ ጡረታ ሊወጣ ባለበት ሰሞን፣ በእሑድ ቀን፣ የፎልከን በር አንኳኳ። ፀጉሩ ሸብቷል። ቲራ ቡና አቀረበችለትና በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች።

«ሰምቼዋለሁ» አለ አልሪክ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «አንተ የሰማኸውን ሰምቻለሁ። ይቅር በለኝ።»

«ለእኔማ ምን ትነግረኛለህ? አውቀዋለሁ። የሳቁብኝ ይስሙት።»

«በስንብቱ ራት ላይ፣ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ብቻ ና።»

ፎልከ የሠርጉን ክራባት ፈልጎ አሰረ። ቲራ «ይሄ ሰውዬ አሁንም ይሸጥሃል» ብትለውም አብራው ሄደች።

አዳራሹ በባሕረኞች ተሞልቷል። አልሪክ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ፤ መምህሮቹን አመሰገነ፣ መርከቧን አመሰገነ። ቀጥሎ «በአንድ ጭጋጋማ ጠዋት» ሲል ፎልከ የቲራን እጅ ጨበጠ። አልሪክ ግን ፊት ለፊቱ የተደረደሩትን አድሚራሎች አየና ድምፁ ተቀየረ። የሄሪንጉን ቀልድ ጀመረ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «ያ ጀግና ወዳጄ ይኸው እዚህ ተቀምጧል!»

ፎልከ ተነሣ። «አልሪክ፣ ‹ፕሮፔለር ነው› ያልከው አንተ ነህ። እሑድ ዕለትም እቤቴ መጥተህ አምነህልኛል።»

የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ወደ አልሪክ ዞረ። ከዚያ አልሪክ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «አያችሁ፣ ዛሬም ይሰማዋል!» አለ። ሳቁ ከበፊቱ በረታ።

ፎልከ ወንበሩን በዝግታ ወደ ጠረጴዛው መልሶ ከሚስቱ ጋር ወጣ። መኪና ውስጥ ቲራ አለቀሰች፤ እሱ አላለቀሰም። «በመጀመሪያው ጊዜ ፈርቶ ነው ብዬ ነበር» አላት። «ለዚህኛው ግን ምን ልበልለት?»

በዚያው በጋ አልሪክ አስፖ ላይ ቤት ገዛ። ጀልባው ላይ ሲገባ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ፎልከ፣ አንዴ ስማኝ» ይላል። ፎልከ በእጁ መስመሩን ያሳየዋል፤ ጎማው ሥር ታኮ ያስገባና ወደሚቀጥለው መኪና ይሄዳል።