የበረዶው መኪና የሚገባበት ጥግ

ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ዊልሻየር ያለው የፓርኪንግ ሥራችን የሚበዛው ጠዋት ነው። የቢሮ ሠራተኞቹ መኪናቸውን አስረክበውን ወደ ላይ ከወጡ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ ቁልፎቹ ሰሌዳው ላይ ተሰቅለው ይውላሉ፤ እኛም በር ላይ ባለችው ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ እንቀመጣለን። ጀርመን አገር የማታ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ የሚጀመረው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። እዚያ ሲመሽ እዚህ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ጋሼ ይህን መገጣጠም እንደ ቀላል ነገር አያዩትም።

ጋሼ የፓርኪንጉ ኃላፊ ናቸው። ወደ ሎስ አንጀለስ ከመምጣታቸው በፊት ደቡብ ጀርመን ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ በስደት ኖረዋል። የከተማዋ የበረዶ ሆኪ ክለብ ስታዲየም ውስጥ መጀመሪያ መቀመጫ ይጠርጉ ነበር፤ ኋላ የበረዶውን መኪና እንዲነዱ ተደረጉ። ይህ መኪና በጨዋታው ዕረፍት ወደ ሜዳው ገብቶ በተጫዋቾቹ ጫማ ስለት የተቧጨረውን በረዶ እየፋቀ፣ ከኋላው ሙቅ ውኃ እያፈሰሰ የሚያለሰልስ ነው። በረዶ ላይ ለምን ሙቅ ውኃ እንደሚፈስ ስጠይቃቸው፣ ቀዝቃዛው ከላይ ብቻ እንደሚረጋ፣ ሙቁ ግን የሥሩን በረዶ በጥቂቱ አቅልጦ አብሮት አንድ እንደሚሆን ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ነገሩ የያዘኝ።

እኔ ትምህርቴን በወጉ አልጨረስኩም። የማውቀውን ሁሉ ከዚህም ከዚያም በራሴ ለቃቅሜ ነው ያወቅኩት፤ ጀርመንኛም ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ክለብ የውጤት ገጾች ነው። ቁጥር በየትኛውም ቋንቋ ቁጥር ስለሆነ ከቁጥሩ ተነሥቼ ቃሉን እገምት ነበር። በመደበኛው ሰዓት ያሸነፈ ሦስት ነጥብ ያገኛል፤ በትርፍ ሰዓት ያሸነፈ ሁለት፣ የተሸነፈውም አንድ ነጥብ ይዞ ይሄዳል። እስከ ትርፍ ሰዓት የታገለ ሰው ባዶ እጁን እንዳይመለስ ማሰባቸው ደስ አለኝ። አንድ ቡድን ዓመቱን ሙሉ እንዴት እንደተንፈራገጠ ከዚህች አንድ ነጥብ ዓምድ ማየት ይቻላል።

የክለቡ ታሪክ በገጹ ላይ በጥቂት አንቀጽ ያልቃል፤ ጋሼ ሲያወሩት ግን ረጅም ነው። የጀመሩት የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞችና አናጢዎች ናቸው። በብርድ ወራት የሚረጋ ኩሬ ነበራቸው፤ እሑድ እሑድ በረዶውን በአካፋ ጠርገው ይጫወቱ ነበር። ልጆቻቸው ጣሪያ ብቻ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ስታዲየም ሠሩ። የልጅ ልጆቻቸው ትልቁ ሊግ ገቡ፤ አንድ ጊዜም ዋንጫ በሉ። ከዚያ አቅማቸው የማይፈቅደውን ተጫዋች መግዛት ጀመሩና ከሰሩ፤ ሊጉም ፈቃዳቸውን ነጠቀ። የተረፈው ስሙና ማሊያው ብቻ ነበር። እንደገና ከታችኛው ደረጃ፣ ቀን ሥራ ውለው ማታ በሚጫወቱ ሰዎች ጀመሩ።

በትልቁ ሊግ የመጨረሻውን ጨዋታ ያደረጉ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ጋሼ መኪናቸውን አስነሥተው ሜዳውን አንድ ጊዜ አለሰለሱት። ማንም እንደማይጫወትበት ያውቃሉ።

«ታዲያ ለምን?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ተቧጭሮ እያየሁት ልተወው?»

ሥራው በዚያው አለቀና እዚህ ያሉት እህታቸው አስመጧቸው። ከዚያ ወዲህ የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ ክለቡ ወደ ትልቁ ሊግ ሲመለስ ማየት። የወረዱበትን የሊግ ደረጃ ሁሉ አንድ በአንድ ሲወጡ ተከታትለዋል። የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ ላይ ወንዶቹ ሁሉ የእንግሊዝ ኳስ ሲያወሩ ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ስለሚያዩ «በረዶው» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ደስ ይላቸዋል መሰለኝ።

አብሮን የሚሠራ አንድ ጓደኛችን አለ፤ ጴንጤ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም።

«ጋሼ፣ ቆራቢ ሆነህ ሰው በዱላ ሲፋለም ታያለህ?»

«ዱላው ለጎማዋ ነው።»

«የቷ ጎማ?»

«ያቺ ጥቁሯ። እንደ ኳስ የሚመቷት።»

«እሷ ናት እንዴ? እኔ ስልክህ ላይ ትንኝ ያረፈች መስሎኝ ስጠርጋት ከረምኩ።»

ጋሼ ስለ ስታዲየሙ ሲያወሩ የሚቆጡበት አንድ ቦታ ነበር፤ መኪናው የሚገባበት በር ያለበት ጥግ። በሩ ሲከፈት ከውጭ ሞቅ ያለ አየር ይገባል፤ መኪናውም ሲወጣ እዚያው ውኃ ያንጠባጥባል። የብርዱ ወራት ማለቂያ ላይ ያ ጥግ ሁልጊዜ እየቀለጠ ይረጥብና ጎማዋን ይይዛታል። ጋሼ በአካፋ በረዶ እያመጡ ሲጠቀጥቁት፣ ሲያስተካክሉት ነው የኖሩት። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ይሰቀል ብለው በየዓመቱ ያመለክቱ ነበር፤ በየዓመቱም ለከርሞ ይባላሉ።

የጀርመኖቹ የማጣሪያ ጨዋታ፣ እነሱ ፕሌይኦፍ የሚሉት፣ ሁልጊዜ ከሁዳዴ ጾም ጋር ይገጥማል። ተጫዋቾቹ እስኪሸነፉ ድረስ ጢማቸውን አይላጩም፤ ጋሼም በጾም አይላጩም፤ ሁለቱም እኩል እየጎፈሩ ይሄዳሉ። በዚያ ዓመት ቡድኑ በደረጃ ሰንጠረዡ መሀል ላይ ነበር፤ ማንም አልገመተውም። ግን አንዱን አሸንፎ፣ ሌላውን አሸንፎ፣ ለፍጻሜ ደረሰ። ያሸነፈ ወደ ትልቁ ሊግ ያልፋል። ፍጻሜው በአንድ ጨዋታ የሚያልቅ አይደለም፤ በድል ብዛት እኩል ለእኩል ሆኑና አንድ ወሳኝ ጨዋታ ቀረ፤ በሜዳቸው፣ ዓርብ።

ዓርቡ ስቅለት ነበር። የጀርመኖቹ ፋሲካ ቀደም ብሎ ስላለፈ ለእነሱ ተራ ዓርብ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስንወጣ ጋሼ ተረኛ እኔ መሆኔን አረጋገጡ። እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሊሰግዱ ነው። እኔ ሰባት ሰዓት ላይ ጓደኛችን ሲቀይረኝ እደርስባቸዋለሁ።

«አሸነፉም ተሸነፉም ስግደቱ ሳያልቅ አትንገረኝ» አሉኝ። «ቀኑ የእሱ ነው።»

«ፊቴ ላይ ቢያዩትስ?»

«አንተ ፊት ላይ ምን ይታያል? ስትስቅ እንኳ በቀጠሮ ነው።»

ጓደኛችን ከጎን ሆኖ «እኔ ግን ሜሴጅ አደርግልሃለሁ» አላቸው።

ጋሼ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አጠፉና በትንሽ ላስቲክ ከረጢት አድርገው ከቁልፎቹ መሀል ሰሌዳው ላይ ሰቀሉት። እንደ አንድ ደንበኛ መኪና ቁልፍ እዚያ ተንጠልጥሎ አደረ።

በማግሥቱ ጨዋታውን በስልኬ ብቻዬን አየሁት። መደበኛው ሰዓት እኩል ለእኩል አለቀ። ከትርፍ ሰዓቱ በፊት መኪናው ወጥቶ ሜዳውን ሲዞር ዓይኔን አልነቀልኩም፤ ጋሼ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። በሩ አጠገብ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ጎንበስ ቀና ይል ነበር።

ጓደኛችን በሰዓቱ መጣ።

«ቸርች አልሄድክም?»

«ሊያልቅ ነው።»

«መቼ?»

«ጎል ሲገባ።»

አጠገቤ ቁጢጥ አለ። በፍጻሜ ጨዋታ የትርፍ ሰዓት ሕግ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ያገባ ያሸንፋል፤ ማንም ካላገባ አርፈው ደግሞ ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ትርፍ ሰዓት እንዲሁ አለቀ።

«ሶ፣ አንዱ ቢሳሳት ዓመቱ በሙሉ ሄደ ማለት ነው?»

«አዎ።»

ከዚያ በኋላ ቀልዱን ተወ። አንዲት ደንበኛ መኪናዋን ልትወስድ መጥታ መስታወቱን ስታንኳኳ፣ ዞሮ ሳያያት ጣቱን አንሥቶ እንድትጠብቅ ለመናት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ስልኩን አየችና እሷም ቆመች።

ሁለተኛው ትርፍ ሰዓት እንደተጀመረ የእኛዎቹ ጎማዋን ከሩቅ ወደ ተጋጣሚያቸው ጥግ መቷት። እንዲህ የተመታች ጎማ በግድግዳው ሥር ተጠማዝዛ ከጎሉ ጀርባ ታልፋለች። በረኛውም ይህን አውቆ ሊያስቆማት ጎሉን ትቶ ወደ ኋላ ወጣ። ጎማዋ ግን አልመጣችም። በሩ ያለበት ጥግ ላይ፣ ሰው በእጁ እንደያዛት ሁሉ፣ ቀጥ አለች። የእኛ ልጅ ደረሰባትና ወደ መሀል ሰጣት። ጎሉ ባዶ ነበር።

ጓደኛችን ጭንቅላቱን ይዞ «ትንኟ ገባች» አለ። የጋሼን ስልክ ከሰሌዳው ላይ አወረድኩና ወጣሁ።

ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ግቢው ሞልቷል፤ ፀሐዩ ከባድ ነበር። ጋሼ ከወንዶቹ መሀል ነጠላቸውን አጣፍተው ይሰግዳሉ። በሰሙነ ሕማማት ሰላም አንባባልምና ከኋላቸው ቦታ ያዝኩ። ቀና ሲሉ አዩኝ፤ ከእኔ ዓይናቸውን አንሥተው ሰዓት እንደሚገምት ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ጥላ አዩና ተመልሰው ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። እስከ መጨረሻው ዳግመኛ አልዞሩም። ከጠዋት ጀምሮ እህል ውኃ በአፋቸው አልዞረም፤ ጉልበታቸውም ደህና አይደለም፤ ሆኖም አንዲት ስግደት አላጎደሉም። እኔ በዕድሜ ልጃቸው የምሆነው ዘግይቼ መጥቼ እንኳ ወገቤን ያዝኩ። የሚፈልጉት ዜና ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ፣ አንድም ጊዜ ዞር አለማለታቸውን እያየሁ ነው የዋልኩት።

ማምሻውን ተራ ገብተን ካህኑ ጀርባችንን በወይራ ቅጠል ነካ ነካ አድርገው ስግደታችንን ሰጡን። ጨርሰን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆምን።

«በሁለተኛው ኦቨርታይም ነው ያለቀው» አሉ ጋሼ። እየጠየቁኝ አልነበረም።

«ማን ነገረዎት?»

«አንተ። ያለወትሮህ ዘገየህ። ፍሪዌይ ተዘጋ እንዳልል፣ አንተ የሚዘጋውንም አስልተህ ነው ድራይቭ የምታደርገው።»

አሸነፉ ወይ ብለው ይጠይቃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «በረዶውስ?» አሉ። «ከትርፍ ሰዓቱ በፊት በመኪናው አለሰለሱት፣ ወይስ እንዲሁ ጠረጉት?»

«በመኪናው። አካፋ የያዘ ሰውም ነበር።»

«የት ጋ?»

«በሩ ጋ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «እስከ ዛሬ መጋረጃውን አልሰቀሉትም? ይኼን ሁሉ ዘመን?» ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ ውለው የተቆጡት በዚህ ነው። «እንዲህ ባለ ጨዋታ ያ ጥግ…» ብለው ሳይጨርሱት ተዉትና ቀስ ብለው አዩኝ። «ጎሉ በየት በኩል ነው የገባው?»

ነገርኳቸው። ጎማዋ በግድግዳው ሥር ስትሄድ፣ በረኛው ሊያስቆማት ሲወጣ፣ እሷ ግን በሩ ጥግ ላይ ቀጥ ማለቷን። ማን እንዳሸነፈ ሳልናገር ገባቸው፤ ባዶው ጎል የማን እንደሆነ ደጋግመው ብቻ አስረገጡኝ።

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አነሡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቁ ነበር፤ ድምፅ እንዳያወጡ ጨርቁን ነክሰው እየሳቁ። አንዲት እናት በአጠገባችን ሲያልፉ አዩአቸውና ቆሙ።

«አይዞዎት ወንድሜ» አሏቸው እንባ እየተናነቃቸው። «የእሱ ሕማም እንዲህ ዘልቆ የሚሰማው ሰው ማየት መታደል ነው።»

ጋሼ ነጠላውን ሳያወርዱ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። ሴትዮዋ ከራቁ በኋላ ዓይናቸውን ጠረጉ። እንባም ነበረበት።

ስልካቸውን ሰጠኋቸው። ሳይከፍቱት ኪሳቸው ከተቱት።

«ቆየኝ» አሉና ወደ ምሥራቅ ዞሩ። «ካህኑ የሰጡኝን ጨርሻለሁ። ይኼኛው ለሳቁ ነው።»

ጉልበታቸውን ይዘው ወረዱ፤ ግንባራቸውንም መሬት አስነክተው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቆዩ። ደግፌ ሳነሣቸው ግንባራቸው ላይ አፈር ነበር።

«ቢሆንም መጋረጃውን መስቀል አለባቸው» አሉ። «አሁን እኮ ትልቁ ሊግ ነው።»