ከሺህ የማይበልጥ እሺ

እኛ ቤት ልጅ አፉን ሲፈታ ከ«እማዬ» ቀጥሎ የሚማረው «እሺ»ን ነው። ትልቅ ሰው ሲልክሽ እሺ፣ ሲቆጣሽ እሺ፣ ያልገባሽን ሲነግርሽም እሺ። እናቴ «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ሳትለኝ የዋለችበት ቀን የለም። እኔም ሞኟ አመንኳት። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እስራኤል አገር፣ አፉላ ስንገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጎንደር ገጠር በእግራችን ሱዳን፣ ከሱዳን እዚህ፤ የደረስነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። አፉላ ኢሊት፣ ዳገቱ ላይ፣ አዲስ ገቢዎች የሚያርፉበት መርካዝ ክሊታ ውስጥ አንድ ክፍል ሰጡን። ልቤ ግን ሱዳን የቀረ ነገር ነበረው። እዚያ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አንዲት ነርስ ጨውና ስኳር በውሃ እየበጠበጠች የደከሙ ሕፃናትን በማንኪያ ታጠጣ ነበር። አንድ ቀን ማንኪያውን ተቀበልኳትና አብሬያት ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሄድኩ። አንዳንዱ ሕፃን ዳነ፣ አንዳንዱ እጄ ላይ ሞተ። የእኔ ሥራ ይኼ ነው አልኩ። ለማንም ግን አልተነፈስኩም፤ ደግሞስ ማን ጠይቆኝ።

የመርካዙ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አስጠራችኝ። ወረቀት ስታገላብጥ እጇ የማያርፍ ፈጣን ሴት ናት። አጠገቧ አስተርጓሚው ተቀምጠዋል፤ ከእኛ ቀድመው የመጡ ያገራችን ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው።

«ታች ከተማ ልብስ ስፌት ቤት ቦታ ተገኝቷል ትላለች። የእናንተ አገር ሴቶች እጃቸው ለስፌት ጥሩ ነው ትላለች» አሉኝ።

ልቤ እምቢ አለ። አፌ ግን፣ ዓይኔን ወለሉ ላይ ተክዬ፣ «እሺ» አለ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ ሳቀች። ጋሼም ፈገግ አሉ። «በእነሱ ቋንቋ ኢሺ ማለት ባሌ ማለት ነው። ባልሽ አይደለሁም እያለችሽ ነው» አሉኝ። በሐፍረት ምን ብል ጥሩ ነው፤ «እሺ» አልኩ። እንደገና ሳቁ። ፈረምኩና ወጣሁ።

ስምንት ወር ሙሉ የሱሪ ወገብ ላይ ላስቲክ ሰፋሁ። ስፌት ክፉ ሥራ አይደለም፤ የእኔ አልነበረም እንጂ። ጠዋት ጠዋት ቁልቁል የሚወርደው አውቶቡስ ሆስፒታሉ ጋ ይቆማል። ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች እየተሳሳቁ ይወርዳሉ፤ እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ አልፋለሁ። አንዳንድ ቀን በቅናት ፊቴን አዞር ነበር።

ከሥራ መልስ ዕብራይስጥ የምንማርበት ኡልፓን ነበረን። አንድ ቀን አስተማሪዋ «ኢሺ» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈች። የባል ነገር መጣ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ሌላም ትርጉም አለው አለች፤ የግል፣ የራስ ጉዳይ ማለት ነው። ሳቅ ያዘኝ፤ ሳቁ ደግሞ ሳላውቀው ወደ እንባ ዞረ። ዕድሜዬን ሙሉ እሺ ስል ኖሬ አንዱም እሺ የግሌ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሆስፒታሉ የረዳት ነርስ ተማሪ እንደሚመዘግብ፣ ምዝገባውም ሐሙስ እንደሚዘጋ ሰማሁ። የሠራተኛዋ ደብዳቤ ከሌለ ግን አይቀበሉም። ለእናቴ ነገርኳት።

«የበላሽበትን ወጪት ልትሰብሪ ነው?» አለችኝ።

«ወጪቱስ ደህና ይቀመጥላቸው። እኔ ስፌቱን እምቢ ልል ነው የምሄደው።»

«ልጄ፣ እሺ ይበልጣል ከሺህ።»

«እንግዲያው ሺሁን ስጪኝ» አልኳትና ወጣሁ። ለእናቴ እንዲያ መልሼላት አላውቅም ነበር።

ሠራተኛዋ ጨርሼ እስክናገር ሰማችኝ። ከዚያ በጋሼ በኩል ዕብራይስጥሽ ገና ነው፣ ስፌቱን ጥሩ ይዘሻል፣ ለከርሞ ይታያል አለች። ጋሼ ከራሳቸው «እሺ በይ፣ ልጄ» ብለው ጨመሩ።

«እምቢ» አልኩ።

ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ። ወደ እሷ ዞረው «በሴዴር» አሏት። በሴዴር ማለት ይሁን፣ ደህና ማለት ነው፤ ያቺን ያህል ዕብራይስጥማ አላጣም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እሳቸውም በእሺ ያደጉ ናቸው፤ ለእኔ አፍረውልኝ ነው። ቢሆንም እምቢዬን ዓይኔ እያየ እሺ አደረጉት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ በሴዴር አላልኩም» አልኩና ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። ዓይኗ አረንጓዴ ነው፤ በስምንት ወር ያን ቀን ገና አየሁት። ከኡልፓን ያገኘሁትን ቃል አወጣሁ። «ዜ ኢሺ» አልኳት። ይኼ የግሌ ጉዳይ ነው ማለቴ ነበር።

እሷ ለካ በእነዚያ ወራት የእኛን እሺ ተምራ ኖሯል። «እሺ? በሴዴር» ብላ ደስ እያላት ፋይሉን ዘጋችው።

እጄን ፋይሉ ላይ ጫንኩበት። «ሎ» አልኩ፤ አይደለም። «ሎ እሺ። ኢሺ። ሼሊ።» የእኔ ነው፣ የእኔ። ደረቴን እየመታሁ ደጋገምኩት። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዙት ሁሉ በበሩ አንገታቸውን አሰገጉ።

ሴትዮዋ ፋይሉን መልሳ ከፈተች። የመግቢያ ፈተናው ከባድ ነው፣ ትወድቂያለሽ አለችኝ።

«ልውደቅ» አልኩ።

ደብዳቤውን ጻፈችልኝ። እውነትም ወደቅኩ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ አለፍኩ።

በዓመቱ ለእናቴ ቋሚ ቤት ተገኘ ተብሎ ተጠራን። ከሆስፒታል ሳልቀይር ነጭ ልብሴን እንደለበስኩ ደረስኩ። ቤቱ ያለው ደቡብ ነው፣ ከእኔ የግማሽ ቀን መንገድ። ጋሼ አስረዷት። እናቴ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ «እሺ» አለች።

ሠራተኛዋ ልትጽፍ ያነሳችውን እስክሪብቶ መልሳ አስቀመጠችው። «ይኼኛው እሺ የትኛው ነው?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

«እማዬ» አልኳት፣ «የአፍሽ ነው የልብሽ?»

እናቴ ነጩን ልብሴን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ሴትዮዋን አየቻት።

«ሎ» አለች። ከዕብራይስጥ የምታውቀው ያንን ብቻ ነበር።