ሰላም ናት የተባለችው ከተማ

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ሦስተኛ ክፍል ነው። ለዚህም ይሆናል በሬዲዮ የሚናገር ሰው ሁሉ እውነት የሚናገር ይመስለኝ የነበረው። በዚያ ላይ ዜና አንባቢው ደንበኛዬ ነው። ካዛንቺስ ካልፈረሱት ቤቶች በአንዱ ምሳ እሸጣለሁ፤ ሽሮዬን የሚበላ ሰው ይዋሸኛል ብዬ አላስብም።

ልጄ ጎረቤት አገር፣ ዋና ከተማው ላይ ሱቅ ተቀጥሯል። እዚያ ምርጫ ተደርጎ ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ እያለ ሲጣላ በጠዋት ደወለልኝ።

«እማ፣ ውጪው ደስ አይልም። ሥራ ልግባ ወይስ ልቅር?»

ዜናውን ገና አሁን ሰምቼዋለሁ፤ ደንበኛዬ በዚያ በሚያምር ድምፁ «ከተማዋ ሰላም ናት፤ ጥቂት ሁከት ፈጣሪዎች ተይዘዋል» ብሏል።

«ሰላም ነው ተብሏል፤ ሂድ፣ ሥራህን እንዳታጣ» አልኩት።

ሱቁ ሳይደርስ ጭኑን በጥይት መቱት።

በማግስቱ ዜና አንባቢው ለምሳ መጣ። ሽሮውን አቀረብኩለትና ስልኬን አጠገቡ አድርጌ ልጄ ከተመታ በኋላ የላከልኝን የድምፅ መልእክት ከፈትኩት። ልጄ ሲያቃስት ቤቱ ሙሉ ሰው ሰማ። የጎረሰው አፉ ውስጥ ቀረ።

«እትዬ፣ ማለቴ... እኛ እኮ የመጣልንን ነው የምናነበው። መግለጫውን የሰጠው የእነሱ መንግሥት ነው።»

«ሌላውን ወገን ጠየቃችሁ?»

የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

«ልጄ ሁከት ፈጣሪ ነው?»

«ኧረ በፍጹም!»

ከጥግ አንድ የታክሲ ሹፌር «እሺ ጋዜጠኛው፣ ዛሬስ በቀጥታ ስርጭት ገባህ!» ሲል ሰው ሳቀ። አልዋሽም፣ ሳቁ አንጀቴን አራሰው።

ቅዳሜ ዜና አንባቢው ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት የእድራችን ሰዎች መጥተው «እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሽማግሌ አላስቆምም ነበር።

«በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድምፅ፣ ከተማዋ ሰላም አልነበረችም፣ ሥራ የሚሄድ ልጅ ተመቷል ይበል። ያኔ እታረቃለሁ» አልኳቸው።

«እህቴ፣ ከሥራ ያባርሩታል እኮ!»

«ይባረር!»

እንደቆሙ ወጡ። ሰውዬው ልጆች እንዳሉት አውቃለሁ፤ አውቄ ነው ያልኩት።

ልጄ በተመታው እግሩ እስካሁን መርገጥ አልቻለም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር «ሂድ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» ሊለኝ ነው ብዬ ለማንሳት እፈራለሁ። አንድም ቀን ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ኖሮ ምናልባት ያንን ሰውዬ እምረው ነበር።