ከዚህ ጉዞ ስመለስ

ልብስ ሰፊዋ ከመስኮቷ ቁልቁል የምታያቸው ሽማግሌ ጎረቤት፣ ዓመት ሙሉ በግቢያቸው አንዲት አሮጌ መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ ከርመዋል። መኪናዋ ትንሽዬ ናት፤ የኋላ በሯ ወደ ላይ ይከፈታል። ሽማግሌው በንጹሕ ሸሚዛቸው ላይ ቱታ ይደርቡና ብሎኖቹን በሻይ ብርጭቆ እየለዩ አጥሩ ሥር ይደረድራሉ። ዝገቱን ሲፍቁ ደግሞ የወጣትነት ዘመናቸውን ዘፈን ያንጎራጉራሉ።

አንድ ቀን የወንበር ልብስ አዘዟትና ሰፍታ ይዛላቸው ወረደች። ጨርቁን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሊያዩት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ከዚያ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

«እጅሽ ይባረክ! ቁርጥ የድሮውን! ልጆቼ እኮ እዚህ ኋላ ላይ ተደራርበው እየተኙ ነው ያደጉት።»

«አባባ፣ ዓይንዎ እንዲህ ደክሞ ማን ሊነዳት ነው?» አለች፤ ቃሉ ከአፏ አምልጧት።

ሳቁ። «ባለቤቴ ናታ! ገና ሙሽራ ሳለች ‹መንዳት አስተምረኝ› ብላኝ ነበር። ‹ከዚህ ጉዞ ስመለስ› እያልኳት አርባ ዓመት በከባድ መኪና የሰው ጭነት ሳመላልስ ኖርኩ።»

ቅዳሜ ጠዋት የሞተር ድምፅ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ በመስኮት ብቅ አለች። ባለቤታቸው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። መኪናዋ አንዴ ዘለለችና ሞተሩ ጠፋ።

«አይዞሽ፣ እንደገና አስነሺው» አሉ ሽማግሌው ከጎናቸው ተደላድለው። «እኔ እንደሆን የትም አልሄድም።»