ለውሻ የተቆረሰ ሙልሙል

ዛሬ ቡሄ ነው። ከጎረቤት የትኩስ ሙልሙል ሽታ ቢመጣ የንስሐ አባታችን ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ አጥራቸውን ጥሼ ኮካቸውን ሰርቄያቸው ነበር። በቡሄ ዕለት ለጨፈሩት ወንዶች ሙልሙል ሲያድሉ እኔ ጥግ ይዤ ተደበቅሁ።

«ነይ እንጂ አንቺ!» ብለው ትልቁን ሰጡኝ።

መስረቄን ያውቃሉ፤ ታዲያ ምን አስበው ነው? ጠረጠርኩና መጀመሪያ ለውሻቸው ቆረስኩለት። ጅራቱን እየቆላ በላ።

አባ ሳቁ። «የእግዜር ጸጋም እንዲህ ነው፣ ልጄ፤ ሳይገባን ይሰጠናል። ውሻው አመነኝ፤ አንቺ ግን መርዝ ፈለግሽብኝ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ሳስታውስ በሬ ተንኳኳ። የጎረቤቴ ልጅ ሙልሙል ይዞ ቆሟል። «እትዬ፣ እማዬ ናት የላከችልዎ።»

ተቀበልኩት። «ምን ፈልጋ ነው?» አልኩት።